የንብ ሙጫ ከምን እንደ ተሠራና ረቂቅ ተሐዋስያንን እንዴት እንደሚከላከል
(በመምህራን ጉባኤ የተነበበ ንግግር)



ስለ ንብ በተነገረ ቍጥር የሰው አሳብ ፈጥኖ የሚሄደው ወደ ማሩና ወደ ሰሙ ነው። ማሩ ለምግብ፣ ለጠጅና ለመድኃኒት፣ ሰሙ ደግሞ ለጧፍና ለንግድ ስለሚውል፣ ሁለቱም ስማቸው የታወቀ ዋጋቸውም የተቈረጠ ነው። በቀፎ ውስጥ ግን ሌላም ነገር አለ። ይኸውም ማር ቈራጩ በቢላዋው ጫፍ ፍቆ የሚጥለው፣ ጣትን ከያዘ በውሃ የማይለቅ፣ መልኩ ቡናማ ወይም ወደ ጥቍርነት የሚያደላ፣ ሲሞቅ የዛፍ ሙጫ የሚሸት ነገር ነው። የውጭ አገር ሰዎች ፕሮፖሊስ ይሉታል፤ በዚህ ንግግር ውስጥ የንብ ሙጫ ተብሎ ይጠራል።

ይህ ለብዙ ዘመን ሲጣል የኖረ ነገር ዛሬ በትናንሽ ጠርሙስ እየተሞላ በብዙ አገር ይሸጣል። ቍስል ያደርቃል፣ የጉሮሮ ሕመም ያስታግሣል፣ ከዚያም አልፎ ነቀርሳ ያጠፋል እየተባለ ይነገርለታል። ሐኪም ቤቱ በራቀበት ገጠር፣ ልጁ ቍስል ያመረቀዘበት ወላጅ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቀበሌውን መምህር ነው። መምህሩም «እውነት ነው» ቢል ልጁ ከሐኪም ይዘገይ ይሆናል፤ «ሐሰት ነው» ቢል ደግሞ ሊቃውንት መርምረው ያረጋገጡትን ነገር መካዱ ነው። ስለዚህ መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። የዚህ ንግግር ዓላማ የንብ ሙጫ ከምን እንደ ተሠራ፣ ረቂቅ ተሐዋስያንን በምን ኀይል እንደሚቋቋም፣ ኀይሉም የት ላይ እንደሚያበቃ በቅደም ተከተል መግለጽ ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፕሮፖሊስ የሚለው ቃል የግሪክ ነው። «ፕሮ» ማለት በፊት፣ «ፖሊስ» ማለት ከተማ ስለ ሆነ፣ ቃሉ በከተማ ፊት የቆመ መከላከያ እንደ ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው አርስጣጣሊስ ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ፣ በቀፎ አፍ ላይ የሚገኝ ጥቍርና ሽታው የከረረ ነገር እንዳለ፣ እርሱም ለተቀጠቀጠ ገላና መግል ለያዘ ቍስል እንደሚረዳ አመልክቷል። ከእርሱም በኋላ በ1ኛው መቶ ዓመት ሮማዊው ፕሊኒ ስለዚሁ ነገር ጽፏል። እንግዲህ ሰው የዚህን ሙጫ ጥቅም ያወቀው ረቂቅ ተሐዋስያን መኖራቸውን ከማወቁ እጅግ አስቀድሞ ነው።

ሙጫውን ንብ ከራሷ አካል አታወጣውም። ሰም ከሆዷ ሥር ካሉት ዕጢዎች ይመነጫል፤ ማርንም ከአበባ ወለላ ታዘጋጃለች፤ የሙጫው ባለቤት ግን ዛፉ ነው። ዛፍ በመጥረቢያ ሲቈስል ወይም ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ፣ ሻጋታና ነቀዝ እንዳይገባበት በቍስሉ ላይ ሙጫ ያፈስሳል። አንዳንዱም ዛፍ ለጋ እንቡጡን በሚያጣብቅ ሙጫ ይሸፍናል። በቈላው አገር የዕጣን ዛፍ ሲፋቅ ነጭ እንባ የሚያወጣው ለሰው መዓዛ ለመስጠት አስቦ አይደለም፤ ገላውን ለመጠበቅ ነው። ንብም ይህን የዛፍ መከላከያ ወስዳ ለቤቷ መከላከያ ታደርገዋለች።

አሰባሰቧም ቀላል ሥራ አይደለም። ሠራተኛይቱ ንብ ሙጫውን በመንጋጋዋ ነክሳ ትቈርጣለች፤ ከዚያም በእግሮቿ እያቀባበለች የአበባ ብናኝ በምትሸከምበት በኋላ እግሮቿ ላይ ታኖረዋለች። ወደ ቀፎዋ በተመለሰች ጊዜ ሙጫው ስለሚጣበቅ ብቻዋን ልታወርደው አትችልም፤ ሌሎች ንቦች እየነከሱ ጥቂት በጥቂት ያራግፉላታል። ሙጫ ሲቀዘቅዝ ስለሚደርቅና ስለሚሰበር፣ ሥራው የሚሠራው ፀሐይ ሞቅ ባለች ጊዜ ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ ይህን የሚሠሩት ንቦች ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው።

የመጣውን ሙጫ ንቦቹ ከሰም ጋር አዋሕደው ለልዩ ልዩ ሥራ ያውሉታል። ንብ ልትተላለፍበት የማትችለውን፣ ማለት ከ6 ሚሊሜትር ያነሰውን ስንጥቅ ይደፍኑበታል፤ የቀፎውን በር ያጠብቡበታል። በዛፍ ሽንቁር ውስጥ የሚኖሩ የዱር ንቦች ደግሞ የቤታቸውን ግድግዳ በሙሉ በሙጫ እንደሚለስኑት ሁለት አሜሪካውያን፣ ሲሊና ሞርስ፣ በ1976 ዓ.ም. ገልጸዋል። አይጥ ወደ ቀፎ ገብታ በመርዛቸው ብትሞት፣ ጐትተው ማውጣት ስለማይችሉ ሬሳዋን በሙጫ ይገንዙታል፤ ሬሳውም ሳይበሰብስ ይደርቃል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ በቀፎ ውስጥ የሚራቡ ትናንሽ ጥንዚዛዎችን ንቦች በሙጫ እስር ቤት ሠርተው እንደሚዘጉባቸው በ2001 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ተመልክቷል።

አንድ ሰው ንብ ይህን ሁሉ ድካም ስለ ምን ትደክማለች ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ከአኗኗሯ ይገኛል። በአንድ ቀፎ ውስጥ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ንቦች ጐን ለጐን ተጨናንቀው ይኖራሉ። እጮቹ የሚያድጉበት ስፍራ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ አየሩ እርጥብ፣ ቤቱ ጨለማ ነው፤ ምግብም በየስፍራው ተከማችቷል። ለሻጋታና ለባክቴሪያ ከዚህ የተሻለ ቤት ሊገኝ አይችልም። ከዚህም በላይ በ2006 ዓ.ም. የንብ የዘር ውርስ ሙሉ ዝርዝር በተነበበ ጊዜ፣ ሰውነቷን ከበሽታ የሚከላከሉት የዘር ቅንጣቶች ከዝንብ ጋር ሲነጻጸሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። እያንዳንዷ ንብ በገላዋ ያጣችውን ጥበቃ መንጋው በኅብረት ያሟላዋል ማለት ነው። ከኅብረቱም መከላከያ አንዱ ይህ ሙጫ ነው።

ይህም በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። በአሜሪካ በሚኔሶታ የሚሠሩ ሊቃውንት የቀፎን ውስጥ በሙጫ ጭማቂ ቀብተው ካልተቀባ ቀፎ ጋር አስተያዩ። በ2009 ዓ.ም. እንዳሳተሙት፣ በተቀባው ቀፎ ውስጥ የነበሩት ንቦች በገላቸው ያለው ባክቴሪያ አነስተኛ ሲሆን፣ ሰውነታቸውም ለመከላከል ያደረገው ድካም ቀንሶ ተገኘ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ፣ እጮችን እንደ ኖራ አድርቆ የሚገድል የሻጋታ በሽታ በገባበት ቀፎ፣ ሙጫ ለመሰብሰብ የሚወጡት ንቦች ቍጥር እንደሚጨምር ታወቀ።

እንግዲህ ሙጫው በውስጡ ምን ይዟል? በቀዝቃዛውና በመካከለኛው የአየር ጠባይ አገሮች የተገኘው ሙጫ በአማካይ ሲመዘን፣ ከ100 ግራም ውስጥ 50 ግራም ያህሉ የዛፍ ሙጫና ዝልግልግ ቅባት፣ 30 ግራም ያህሉ ሰም፣ 10 ግራም ያህሉ በቀላሉ የሚተን መዓዛ ያለው ዘይት፣ 5 ግራም ያህሉ የአበባ ብናኝ፣ የቀረው 5 ግራም ደግሞ ልዩ ልዩ ሌላ ነገር ነው። ይህ ልክ ከቀፎ ወደ ቀፎ፣ ከወራትም ወደ ወራት የሚለዋወጥ ስለ ሆነ፣ እንደ ግምት እንጂ እንደ ሕግ መያዝ የለበትም። ሙጫው በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ በአልኮል ግን ይሟሟል። የአልኮሉም ጭማቂ እጅግ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ተለይቶ ስለሚረጋ፣ በማጥለያ ሊወገድ ይችላል። ተሐዋስያንን የሚቋቋመው ኀይል ያለው በቀረው ቡናማ ጭማቂ ውስጥ ነው።

በዚህ ጭማቂ ውስጥ የኬሚስትሪ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ከ300 የሚበልጡ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን ለይተዋል። ዋነኞቹ ፌኖል ከሚባለው ወገን ናቸው። የዚህ ወገን ስም ለመምህራን አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆዜፍ ሊስተር በ1867 ዓ.ም. የቀዶ ጥገና ቍስል እንዳያመረቅዝ ካርቦሊክ አሲድ መጠቀሙን ሲገልጽ፣ ያ ካርቦሊክ አሲድ ከዚህ ወገን ቀላሉና አንደኛው፣ ራሱ ፌኖል ነበር። በንብ ሙጫ ውስጥ ያሉት ከእርሱ የሚበልጡና የተወሳሰቡ ዘመዶቹ ናቸው። ከነርሱም መካከል ፍላቮኖይድ የሚባሉት ጋላንጂን፣ ፒኖሴምብሪንና ክሪሲን ይገኛሉ። በፈረንሳይ ሊቃውንት ጋላንጂንን ባክቴሪያ ከሚቋቋሙት የሙጫው ክፍሎች አንዱ መሆኑን በ1964 ዓ.ም. አስታወቁ። ሌላው ክፍል የካፌይክ አሲድ ዘሮች ናቸው። ይህ አሲድ ስሙን ያገኘው ከቡና ነው፤ በቡና ፍሬ ውስጥም ከሌላ ነገር ጋር ተጣምሮ ይገኛል። ነገር ግን እንቅልፍ ከሚከለክለው ካፌይን ጋር በስም ከመቀራረብ በቀር ዝምድና የለውም።

አሁን የዚህ ንግግር ዋና ነጥብ ይመጣል። የንብ ሙጫ አንድ ስም ቢኖረውም አንድ ነገር አይደለም። ንብ የምታመጣው በአካባቢዋ ካለው ዛፍ ስለ ሆነ፣ ዛፉ ሲለወጥ ሙጫውም ይለወጣል። በአውሮፓ አብዛኛው የሚገኘው ጥቍር ፖፕላር ከሚባለው ዛፍ እንቡጥ ነው፤ ከላይ የተጠሩት ጋላንጂንና ፒኖሴምብሪን የዚህ ዛፍ ሀብት ናቸው። በብራዚል ንቦች ባካሪስ ከሚባል ቍጥቋጦ ለጋ ጫፍ እየነከሱ የሚያመጡት ሙጫ አረንጓዴ ነው፤ ዋናው ንጥረ ነገሩም አርቴፒሊን ይባላል። በዚያው አገር በባሕር ዳርቻ የሚገኘው ሙጫ ግን ቀይ ነው፤ ምንጩም ሌላ ተክል ነው። በኩባ ክሉዝያ ከሚባል ዛፍ አበባ፣ በታይዋንና በኦኪናዋ ደሴቶች ማካራንጋ ከሚባል ዛፍ ፍሬ ይሰበሰባል። በሜዲትራኒያን አካባቢ ደግሞ ከጥድ ወገን የሚገኝ ሙጫ አለ። ከጐረቤት ከኬንያ የመጣ ሙጫ ተመርምሮ በ2010 ዓ.ም. ሲታተም፣ በአውሮፓው ሙጫ ያልታወቁ ንጥረ ነገሮች በውስጡ ተገኙ።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ጥቍር ፖፕላር የኢትዮጵያ ደን ዛፍ ስላልሆነ፣ በአውሮፓ ሙጫ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በኢትዮጵያ ንብ ሙጫ ላይ ገልብጦ መጻፍ አይገባም። «ፕሮፖሊስ ይህን በሽታ ያድናል» የሚል ጽሑፍ ሲነበብ፣ አስተዋይ ሰው አስቀድሞ «የየት አገር፣ የየትኛው ዛፍ፣ በስንት መጠን?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። የቡልጋርያ ሊቃውንት ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰበ ሙጫ አስተያይተው በ1999 ዓ.ም. እንዳሳተሙት፣ የሙጫዎቹ ንጥረ ነገር እጅግ የተለያየ ሲሆን፣ ሁሉም ባክቴሪያንና ፈንገስን የመቋቋም ኀይል ነበራቸው። ይህ እንቆቅልሽ የሚመስለው ሙጫውን ብቻ ለተመለከተ ነው። ዛፍን ለተመለከተ ግን መልሱ ቅርብ ነው። በየአገሩ ያለው ዛፍ ሁሉ ከሻጋታና ከባክቴሪያ ጋር ሲታገል የኖረ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ቅመም የጦር መሣሪያውን ሠርቷል። መሣሪያው ልዩ ልዩ ነው፤ ጠላቱ ግን ተመሳሳይ ነው።

ኀይሉ እንዴት እንደሚሠራም በከፊል ታውቋል። ዴንማርካዊው ሐኪም ግራም በ1884 ዓ.ም. ባክቴሪያን በቀለም ነክሮ በሁለት ወገን የሚለይበትን ዘዴ አውጥቷል። በአንደኛው ወገን ያሉት ወይን ጠጅ ቀለሙን ይዘው ሲቀሩ፣ የሁለተኛው ወገን ቀለሙን ይለቃሉ፤ እነዚህም ከግድግዳቸው ውጭ ሌላ ሽፋን የደረቡ ናቸው። እባጭና መግል የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ ከአንደኛው ወገን ነው፤ የታይፎይድ ባክቴሪያ ከሁለተኛው ነው። የንብ ሙጫ በአንደኛው ወገን ላይ ብርቱ፣ በሁለተኛው ላይ ግን ደካማ መሆኑ በብዙ ሙከራ ተደጋግሞ ታይቷል። ስለዚህ ለቍስል የተነገረውን ለታይፎይድ መናገር ታላቅ ስሕተት ነው።

በባክቴሪያው ላይ የሚያደርሰው ጕዳትም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ ሙጫው የነካቸው አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከሁለት ተከፍለው መራባት አቅቷቸው ተጣብቀው ሲቀሩ፣ ፕሮቲን መሥራታቸውም ሲገታ ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የመዋኘት ችሎታቸው እንደሚደክምና የገላቸው ሽፋን እንደሚያፈስስ ተገለጸ። ጋላንጂን ብቻውን ተለይቶ በስታፊሎኮከስ ላይ ሲፈተን ባክቴሪያው በውስጡ ያለውን ፖታሲየም እንደሚያፈስስ በ2005 ዓ.ም. ታትሟል። ነገር ግን ከንጥረ ነገሮቹ አንዱ ብቻውን የሙሉውን ጭማቂ ሥራ ይሠራል ለማለት አይቻልም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ ለየብቻው መጠነኛ የሆነው ኀይል በኅብረት ይበረታል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ በቀፎና በመመርመሪያ ሳሕን ላይ የታየ ነው። የሰው ገላ ግን ሳሕን አይደለም። በሳሕን ላይ ጭማቂው ባክቴሪያውን በቀጥታ ይነካዋል፤ ሰው የዋጠው ጭማቂ ግን በአንጀትና በጕበት ውስጥ ተለውጦ ጥቂቱ ብቻ ወደ ደም ይደርሳል። በ1988 ዓ.ም. ከሙጫው የተለየ አንድ የካፌይክ አሲድ ዘር በብርጭቆ ውስጥ የነበሩ የነቀርሳ ሕዋሳትን እንደሚገድል ታትሞ ነበር። ዛሬ «ነቀርሳ ያጠፋል» ብለው ጠርሙስ የሚሸጡ ሰዎች ምስክር የሚያደርጉት እንዲህ ያለውን ጥናት ነው። በብርጭቆ ውስጥ ሕዋስን መግደልና የታመመን ሰው ማዳን ግን የተራራቁ ነገሮች ናቸው፤ ሕዋስን ከሆነ የፈላ ውሃም ይገድላል።

በሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች የሉም ማለት አይደለም። በአፍ ውስጥ ቍስል፣ በድድ ሕመምና በከንፈር ላይ በሚወጣ ቍስል ላይ ተፈትኖ መልካም ውጤት የታየባቸው አሉ። ነገር ግን አብዛኞቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ፣ የሙጫውም ዓይነትና መጠን እርስ በርሱ የማይመሳሰል ስለ ሆነ፣ ተስፋ የሚሰጡ እንጂ ነገሩን የሚፈጽሙ አይደሉም።

ጕዳትም አለው። አንዳንድ ሰው ሙጫው ቆዳውን ሲነካው ያሳክከዋል፤ ቆዳው ይቀላል፣ ይቈስላል። ይህ በንብ አናቢዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ ምክንያቱም በአብዛኛው እነዚያው የካፌይክ አሲድ ዘሮች መሆናቸው ተረጋግጧል። ባክቴሪያን የሚወጋው መሣሪያ የሰውንም ቆዳ ሊወጋ ይችላል ማለት ነው። ከዚህም በቀር ሙጫ የሚጣበቅ ነገር ስለ ሆነ፣ ከመንገድ አቧራና ከቀለም እርሳስ የሚባለውን መርዛም ብረት ሊይዝ ይችላል። በአልኮል የተዘጋጀውም ለሕፃን የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ለወላጁ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እንግዲህ ከዚህ ይወጣል። የንብ ሙጫ ባክቴሪያን እንደሚቋቋም እውነት ነው። የልጁ ቍስል ግን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ ዙሪያው ከቀላ፣ ካበጠ፣ ልጁም ካተኰሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። ሐኪሙ ያዘዘውም መድኃኒት ሙጫ ተገኘ ተብሎ አይቋረጥ። ይህን የሚናገር መምህር የአባቶችን ዕውቀት አልናቀም፤ ልጁንም ለአደጋ አልሰጠም።

ይሁን እንጂ መምህር መልስ ከመስጠት የሚበልጥ ሥራ አለው፤ እርሱም ተማሪው ራሱ መርምሮ እንዲያውቅ ማስተማር ነው። ለዚህም ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ከአንድ ቀን የተጋገረ እንጀራ እኩል የሆኑ ሦስት ቁራሾች ይቈረጡ። በአንደኛው ላይ ጥቂት ንጹሕ ውሃ፣ በሁለተኛው ላይ ያንኑ ያህል አልኮል ብቻ፣ በሦስተኛው ላይ ሙጫ የተሟሟበት ያንኑ ያህል አልኮል ይንጠብ። አልኮሉ ከተነነ በኋላ ቁራሾቹ በየብርጭቆ ዕቃ ገብተው ይከደኑ፤ ምልክት ተደርጎባቸውም በአንድ ስፍራ ይቀመጡ። ተማሪዎቹ በየቀኑ አይተው ሻጋታ በየትኛው ላይ አስቀድሞ እንደ ታየና ምን ያህል እንደ ሰፋ በመዝገብ ይጻፉ። አልኮል በእሳት ስለሚቀጣጠል መምህሩ ራሱ ከእሳት አርቆ ይያዘው። ዕቃዎቹ ሻጋታ ካወጡ በኋላ አይከፈቱ፤ በመጨረሻም እንደ ተከደኑ ይቀበሩ።

ብዙ ተማሪ ሁለተኛው ቁራሽ ለምን እንዳስፈለገ ይጠይቃል። በእርግጥም የትምህርቱ ሁሉ ፍሬ ያለው በዚያ ቁራሽ ላይ ነው። አልኮል ራሱ ሻጋታን የሚገድል ስለ ሆነ፣ ውሃ የነካው ሻግቶ ሙጫና አልኮል የነካው ሳይሻግት ቢቀር፣ ያዳነው ሙጫው ይሁን አልኮሉ ሊታወቅ አይችልም። አልኮል ብቻ የነካው ከሦስተኛው ቀድሞ ሲሻግት ነው፣ ልዩነቱ የሙጫው መሆኑን መናገር የሚቻለው። ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ ውጤት መታመን አይገባም፤ ሙከራው ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገም። በሦስቱ መካከል ልዩነት ባይታይም፣ ያው እንደ ታየ ይመዝገብ። መምህሩ የጠበቀውን እንጂ ያየውን ያልጻፈ ተማሪ ሊመሰገን አይገባውም።

ይህን ልማድ ያደረገ ተማሪ አድጎ በገበያ «ሁሉን የሚያድን» የሚባል ጠርሙስ ሲቀርብለት፣ «ሁለተኛው ቁራሽ የት አለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ለንብ ሙጫ ብቻ ሳይሆን፣ ለሥር፣ ለቅጠል፣ ለጠበልና ለፈረንጅ ክኒንም ቢሆን የሚስማማ ጥያቄ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በማርና በሰም ከአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም ናት፤ የንቦቿ ሙጫ ግን ገና ብዙ ምርመራ የሚጠብቀው ሀብት ነው። ሀብቱ የሚገኘው በቀፎ ውስጥ ቢሆንም መሠረቱ በደን ውስጥ ነው። ዛፉ የተቈረጠ እንደ ሆነ ንብ ሙጫ የምታመጣበት ስፍራ ታጣለች፤ ቤቷም ያለ ጠባቂ ይቀራል። የዛፉም ቅመም ሳይመረመር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ግቢ አገር በቀል ዛፍ ማስተከልና ተማሪዎች ንብ በየትኛው ዛፍ ግንድና እንቡጥ ላይ ሙጫ ስትነክስ እንዳዩ በመዝገብ እንዲጽፉ ማድረግ፣ ለዕፀዋት ትምህርትም ለኬሚስትሪም የሚጠቅም ሥራ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥትና ዓይን ይበቃዋል። ከብዙ ትምህርት ቤት የተሰበሰበ እንዲህ ያለ መዝገብ ደግሞ፣ ነገ በዩኒቨርሲቲ ለሚመራመር ሰው የት መጀመር እንዳለበት ያሳየዋል።